ደረቅ ሶባ፦ የትኛው ፓኬት ዋጋውን ያወጣል?

በእስያ ሸቀጣ ሸቀጥ መደብሮች ውስጥ በወረቀት ቀለበት እየታሰሩ የሚሸጡት ቀጫጭን ቡናማ ኑድሎች ሶባ ይባላሉ። ጃፓኖች ሶባን በትኩስ መረቅም ሆነ ቀዝቅዞ ከማጥቀሻ ስጎ ጋር ይመገቡታል። ለቤት ይበልጥ የሚቀለው ዛሩ ሶባ የሚባለው ቀዝቃዛው አዘገጃጀት በመሆኑ፣ በገበያ ላይ የሚገኙትን ሦስት ዓይነት ደረቅ ሶባዎች ያነጻጸርኩት በዚሁ አሠራር ነው።

ሶባ የሚሠራበት ባክዊት የተባለው እህል የስንዴ ዘመድ አይደለም፤ በዕጽዋት ዝምድናው የሚቀርበው ቅቤ ስናነጥር ለምንጨምረው መቅመቆ ነው። ግሉተን ስለሌለው ሊጡ በቀላሉ አይያያዝም፣ ስለዚህም አብዛኞቹ አምራቾች ስንዴ ይቀላቅሉበታል። በርካሾቹ ፓኬቶች ላይ ከግብዓቶቹ ዝርዝር ቀድሞ የሚነበበው የስንዴ ዱቄት ነው፤ ዝርዝሩ የሚጻፈው በክብደት ቅደም ተከተል ስለሆነ ገዢው በአብዛኛው ስንዴ እየገዛ መሆኑን ከዚያ ይረዳል። በጃፓን የባክዊት መጠኑ ከ30 በመቶ በታች የሆነ ደረቅ ሶባ ይህንኑ በማሸጊያው ላይ እንዲገልጽ ይጠበቅበታል። እንዲህ ያለው ምርት አይጣልም፣ ነገር ግን ጣዕሙ ቡናማ ቀለም ከተቀባ ስፓጌቲ እምብዛም አይለይም።

የእኔ ምርጫ ኒሃቺ የሚባለው፣ 80 በመቶ ባክዊትና 20 በመቶ ስንዴ ያለው ነው። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ነገር ግን የተቆላ እህል የመሰለው ሽታው ገና ውኃ ውስጥ ሲገባ ይታወቃል፣ ሲታኘክም ጥርስ ላይ ትንሽ ይቋቋማል። ከባክዊት ብቻ የሚሠራው ጁዋሪ ደግሞ በመዓዛው ይበልጠዋል፤ ሆኖም በማማሰያ ሲነካ ስለሚሰባበር ለጀማሪ አይመከርም፣ ስንዴ የማይስማማው ሰው ግን ከዚህ ሌላ ምርጫ የለውም።

አቀቃቀሉ ቀላል ቢሆንም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለ100 ግራም ቢያንስ አንድ ሊትር ውኃ ያስፈልጋል፤ ጨው አይጨመርም። ኑድሉ የሚገባው ውኃው በደንብ ሲፈላ ነው፤ አረፋው ሊገነፍል ሲል እሳቱን መቀነስ እንጂ መክደን አይገባም። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ አምስት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ አንድ ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ አንዷን ክር አውጥቶ መቅመስ ግን ከሰዓት ይሻላል። ወሳኙ ሥራ ከዚህ በኋላ የሚመጣው እጥበት ነው፦ ኑድሉ በወንፊት ይጠለልና የቧንቧ ውኃ እየፈሰሰበት በሁለት እጅ ቀስ ተደርጎ ይታሻል፤ መጀመሪያ ነጭ ሆኖ የሚወርደው ውኃ ጥርት እስኪል፣ የሚያሙለጨልጨው ስታርችም ከጣት ላይ እስኪለቅ ድረስ መቀጠል ያስፈልጋል። ፓስታ ቀቅሎ ማጠብ ነውር ነው ተብሎ ለተማረ ሰው ይህ እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ ያልታጠበ ሶባ ግን ሳህን ላይ ተጣብቆ አንድ ጓል ይሆናል። በመጨረሻ በበረዶ ውኃ ይነከርና በደንብ ይንጠፈጠፋል፣ አለዚያ ስጎው ይቀጥናል።

በጠርሙስ የሚሸጠው ሜንትሱዩ የተባለው ስጎ ጊዜ ይቆጥባል፤ ወፍራምና ያልቀጠነ ዓይነት ከሆነ በመመሪያው መሠረት በውኃ መቅጠን አለበት። ቅሬታዬ ብዙዎቹ ከሚገባው በላይ ስኳር የበዛባቸው መሆኑ ነው። በተጨማሪም አብዛኞቹ ከደረቀና ከታጠነ ዓሣ የተዘጋጀ መረቅ ስላለባቸው በጾም ዓሣ ለማይቀምስ ሰው አይሆኑም፤ ሚሪን የተባለው የሩዝ አልኮል የገባበትም አለ፣ ይህም ለሙስሊም አንባቢዎች መታወቅ ያለበት ነው። መፍትሔው ኮምቡ የተባለውን ደረቅ የባሕር አረም ከደረቅ የሺታኬ እንጉዳይ ጋር በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ ከዚያም በዝግታ አሙቆ ውኃው ሳይፈላ ኮምቡውን ማውጣት ነው። የጃፓኑ ኬሚስት ኪኩናኤ ኢኬዳ እ.ኤ.አ. በ1908 ለምግብ ጥልቅ ጣዕም የሚሰጠውን ግሉታሜት የተባለ ንጥረ ነገር ለይቶ ያወጣው ከዚሁ ኮምቡ ስለሆነ፣ መረቁ ያለ ዓሣም ጣዕም አያጣም። ለአራት እጅ መረቅ አንድ እጅ ሶያ ሶስና ጥቂት ስኳር ጨምሮ አንድ ጊዜ አፍልቶ ማቀዝቀዝ በቂ ነው፤ ባሮ ሽንኩርትና ዋሳቢ የተባለው የሚያቃጥል አረንጓዴ ማጣፈጫ እንደ ፍላጎት ይቀርባሉ። የተቀቀለበት ውኃም አይደፋም፤ በልተው ሲጨርሱ በተረፈው ስጎ ላይ ጨምረው ይጠጡታል፣ በተለይ የኒሃቺው ውኃ ወፍራምና ጥሩ መዓዛ ያለው ነው።

ለእንግዳ ከማቅረብ በፊት ግን መጠየቅ ይገባል። ባክዊት አለርጂው ባለባቸው ሰዎች ላይ ከባድ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ጃፓን በማሸጊያ ላይ የግድ እንዲገለጽ ታዛለች፤ በአሜሪካ ግን ሕጉ ከዘረዘራቸው 9 ዋና ዋና የአለርጂ ምግቦች መካከል ስላልሆነ፣ ሸማቹ የግብዓቶቹን ዝርዝር ራሱ እስከ መጨረሻው ማንበብ አለበት።