«ለሁለት» የሚለውን የስኮትላንድ ፓኬጅ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

እኔና ባለቤቴ ባለፈው ግንቦት ስኮትላንድ ሄደን ነበር። የተጋባንበትን 7ኛ ዓመት ለማክበር ነው። ለንደን እየኖርን ስንት ዓመት «እንሄዳለን» እያልን ሳይሳካልን ቆይቶ፣ ዘንድሮ በቃ ብለን ገንዘብ አጠራቅመን ተነሳን። ኤድንብራ ውብ ከተማ ናት። ስተርሊንግም እንደዚያው። ቅሬታዬ ከአገሩም ከሰዉም ጋር አይደለም። ያንገበገበኝ የገዛነው ፓኬጅ ነው። ማስታወቂያው አሁንም በየቴሌግራሙ እየዞረ ነው። ትናንት ደግሞ ሠርጓ የደረሰ አንዲት እህት «እናንተ ሄዳችሁበታል አይደል? ልንገዛው ነው» ብላ ደወለችልኝ። ለሷ የነገርኳትን ለሁላችሁም ልንገራችሁ።

ማስታወቂያው እንዲህ ይላል፦ የፍቅር ጉዞ ለሁለት፣ ታሪካዊ ከተሞች፣ 3 ሌሊት፣ መግቢያ የተካተተ፣ 389 ፓውንድ። ይህን ያየ ሰው 389ኙ ለሁለት ነው ብሎ ነው የሚያስበው። እኛም እንደዚያ አሰብን። ስማችንን፣ አድራሻችንን፣ የልደት ቀናችንን ስንሞላ ቆይተን የመጨረሻው ገጽ ላይ ስንደርስ 816 ፓውንድ ይላል። ለካ 389 ለአንድ ሰው ኖሯል። በዚያ ላይ በነፍስ ወከፍ 19 ፓውንድ «የማስያዣ ክፍያ» ጨምረዋል። ከላይ በቀይ ሰዓት እየቆጠረ ነው፤ ዋጋው በ9 ደቂቃ ውስጥ ያበቃል ይላል። ባለቤቴ «ተይው፣ ይቅር» አለኝ። እኔ ደግሞ ሁለታችንም ፈቃድ ያገኘንበት ሳምንት እንዳያመልጠን ፈራሁና «እንክፈል» አልኩት። ከፈልን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ገጹን ብከፍተው ያው 389፣ ያው 9 ደቂቃ።

ይህ ብሪታንያ ውስጥ በሕግ የተከለከለ መሆኑን ያወቅሁት ከተመለስን በኋላ ነው። ከኤፕሪል 6 ቀን 2025 ጀምሮ ሻጭ ገዢው ሊያስቀረው የማይችለውን ክፍያ ሁሉ መጀመሪያ በሚያሳየው ዋጋ ውስጥ ማካተት አለበት። መጨረሻ ላይ ብቅ የሚል «የማስያዣ ክፍያ» አይፈቀድም። የሐሰት «ጊዜው እያለቀ ነው» ማለትም እንደዚሁ። ስለዚህ ሰዓት የሚቆጥር ገጽ ካያችሁ ዝጉት። ነገ ተመልሳችሁ ክፈቱት። ዋጋው ያው ከሆነ ከማን ጋር እንደምትነጋገሩ ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «መግቢያ የተካተተ» የሚለው ነገር። ዝርዝሩ ረጅም ነው፣ ሲታይ ያስጎመጃል። ኤድንብራ ላይ የቅዱስ ጃይልስ ካቴድራል፣ የስኮትላንድ ብሔራዊ ሙዚየም፣ ካልተን ሂል። ግላስጎው ላይ ካቴድራሉ፣ ከጎኑ ያለው ኔክሮፖሊስ የሚባለው ትልቁ መቃብር፣ የኬልቪንግሮቭ ሙዚየም። አንድ በአንድ እዩዋቸው። ሁሉም በነጻ ነው የሚገባባቸው! ለማንም ሰው፣ በየትኛውም ቀን። ካቴድራሉ በር ላይ የፈቀደ ሰው የሚሰጥበት የገንዘብ ሳጥን አለ እንጂ ትኬት የለም። ካልተን ሂል ደግሞ ኮረብታ ነው። አጥር የለው፣ ዘበኛ የለው። ሰው ማለዳ ውሻውን ይዞ የሚወጣበት ቦታ። በ1826 ተጀምሮ ገንዘብ ስላለቀ በ1829 የቆመው ባለ ዓምዱ ሐውልት እዚያው አናቱ ላይ ነው፣ ፎቶ ለመነሳት ግሩም ነው። ግን ለዚህ «የተካተተ መግቢያ» ብሎ ገንዘብ መቀበል ምን ይባላል?

በእውነት ትኬት የሚቆረጥባቸው ቦታዎችስ? የኤድንብራ ግንብ፣ የስተርሊንግ ግንብ፣ የሆሊሩድ ቤተ መንግሥት፣ የስኮትላንዱ ጀግና የዋላስ መታሰቢያ ማማ። አንዳቸውም አልተካተቱም። ፕሮግራሙ ላይ ግን ስማቸው በትልቁ አለ፣ «ጉብኝት» ተብሎ። ጉብኝት ማለት ለነሱ በሩ ድረስ መሄድ ነው። እሑድ ዕለት አስጎብኚው የኤድንብራ ግንብ ፊት ያለው ሰፊ ሜዳ ላይ አቁሞ 20 ደቂቃ አወራልንና «ፎቶ ተነሱ» አለን። መግባት የፈለገ የራሱን ትኬት ይቁረጥ አለ። ልንቆርጥ ስንል የዕለቱ ትኬት አልቋል። በሞቃቱ ወራት ቀደም ብሎ እንደሚያልቅ ማንም የከተማው ሰው ያውቃል፤ ሻጩም ያውቃል። ሰውን ጎንደር ድረስ ወስዶ የፋሲልን ግንብ ከአጥሩ ውጭ አሳይቶ እንደ መመለስ ማለት ነው። በጣም ነው ያዘንኩት። ባለቤቴ ከልጅነቱ ጀምሮ የጦርነት ታሪክ የሚወድ ሰው ነው፤ ለሷ ቀን ሲል ስንት አንብቦ ነበር።

በዚያው ዕለት ሌላም ነገር ገባኝ። ፕሮግራሙ «እሑድ በ7 ሰዓት የግንቡን መድፍ ሲተኮስ ማየት» ይላል። መድፉ ከ1861 ጀምሮ በየቀኑ ልክ በ7 ሰዓት፣ በነሱ በአንድ ሰዓት ማለት ነው፣ ይተኮሳል። እሑድ ግን አይተኮስም! እዚያ ቆመን የጠበቅነው ለከንቱ ነው። ደግሞም «በግንቡ ውስጥ የስኮትላንድ ነገሥታት የሚነግሡበት ድንጋይ ይታያል» ይላል። ያ ድንጋይ በ2024 ወደ ፐርዝ ከተማ ሙዚየም ሄዷል፣ እዚያም በነጻ ነው የሚታየው። ማለትም ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ቦታውን አያውቀውም፣ ወይም ዓመታት ያለፈበትን ጽሑፍ ነው ገልብጦ የሚሸጠው። እንግዲህ ከማንም ፓኬጅ ስትገዙ እነዚህን ሁለቱን ተመልከቱ። የእሑድ መድፍና ኤድንብራ ያለ ድንጋይ ካገኛችሁ ካርዳችሁን አታውጡ።

ሆቴሉን በአጭሩ ልለፈው። «ኤድንብራ» ይላል፤ ኤርፖርቱ አጠገብ ነው። ንጹህ ነበር፣ ሠራተኞቹም ጥሩ ሰዎች ናቸው። ግን መሃል ከተማ ለመድረስ በትራም ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፣ በየቀኑ ሁለት ጊዜ፣ ከኪሳችን። በዚህ አጋጣሚ፣ ከኤርፖርቱ ፌርማታ የምትሳፈሩ ከሆነ ትኬቱ ከከተማው ትኬት በጣም ይወደዳል። የሚቀጥለው ፌርማታ ኢንግልስተን ፓርክ ኤንድ ራይድ ግን በከተማው ዋጋ ነው። ይህን የነገረችን ሆቴሉ ውስጥ ቁርስ የምታቀርብ ልጅ ናት፣ እግዜር ይስጣት።

ሰኞ ሴንት አንድሩስና ስተርሊንግ በአንድ ቀን። ካርታ ላይ እዩት፣ በአውቶቡስ ሲኬድ ቀኑ መንገድ ላይ ነው የሚያልቀው። ሴንት አንድሩስ 50 ደቂቃ ሰጡን። ከተማዋ በሐዋርያው እንድርያስ ስም የተጠራች ናት። ካቴድራሉ በ1158 ተጀምሮ በ1318 የተቀደሰ፣ በስኮትላንድ ከተሠሩት አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ትልቁ የነበረ ነው። ዛሬ ፍርስራሽ ነው፤ ግድግዳው ለብቻው ቆሞ ከኋላው ባሕር። እንደዚያ ያለ ቦታ ዝም ብሎ መቀመጥን ይጠይቃል። እኛ ግን ሰዓት እያየን ሮጥን። ከዚያ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ መንገድ፣ መሃል ላይ ደግሞ አንድ የማስታወሻ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ለ45 ደቂቃ ማቆም። ለከተማው 50፣ ለሱቁ 45! ስተርሊንግ ስንደርስ ወደ ግንቡ ለመግባት ጊዜ አልነበረም። ዋላስ በ1297 እንግሊዞችን ያሸነፈበትን ድልድይ አካባቢ ከመስኮት አየነው፤ 246 ደረጃ ያለውን ማማም እንደዚሁ። አስጎብኚው «ያውላችሁ» አለን። በቃ።

አሁን ደግሞ ስለ ወረቀቱ። ፓኬጁ ውስጥ «80 ፓውንድ የሚያወጣ ስጦታ» የተባለ አለ። እናንተን ጥንዶችን ነው የሚያነጣጥረው፣ ስለዚህ ልብ ብላችሁ አንብቡ። በስኮትላንድ ገጠር አንድ ጫማ በአንድ ጫማ የሆነች መሬት በስማችሁ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ እሱ «ሎርድ» አንቺ «ሌዲ» ትባላላችሁ ይላል። ማኅተም ያለው የሚያምር ወረቀት ይሰጣል። አንዳንዱ ለብቻው ለሠርግ ስጦታ ይገዛዋል። እውነቱ ይህ ነው፦ በስኮትላንድ ሕግ እንዲህ ያለ የማስታወሻ ቁራጭ መሬት በመሬት መዝገብ ላይ መመዝገብ አይችልም። ካልተመዘገበ ደግሞ የመሬቱ ባለቤት አትሆኑም። ስለ ማዕረግና አርማ የሚወስነው የሎርድ ላየን ፍርድ ቤትም የዚህ ዓይነት ቁራጭ ማዕረግ እንደማይሰጥ በግልጽ ተናግሯል። ወረቀቱን ቤት ስቀሉት፣ መብታችሁ ነው። ማዕረግ ነው ብሎ ገንዘብ የሚቀበላችሁን ግን እምቢ በሉ። የገንዘብ ችግር ያለባቸው ልጆች ለሙሽሮች ብለው አዋጥተው ሲገዙ ስላየሁ ነው ይህን ያህል የምናገረው።

ማክሰኞ ግላስጎው ነበር። ተውነው። ራሳችን ከግንቡ ድረ ገጽ የጠዋት ትኬት ገዛንና ኤድንብራ ቀረን። የጉዞው ጥሩ ቀን እሱ ሆነ። ግንቡን ሦስት ሰዓት ሙሉ ዞርነው። በ7 ሰዓት መድፉ ሲተኮስ ባለቤቴ እንደ ሕፃን ነው የተደሰተው። ከዚያ በእግራችን ወርደን ፕሪንስስ ስትሪት ምዕራብ ጫፍ ያለው የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። አውቶቡሱ እሑድ በፊቱ ሲያልፍ አስጎብኚው አንድ ቃል አልተናገረም፤ እሱስ ከየት ይወቀው። እኛ ግን እናውቃለን። በኛ አቆጣጠር በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከወሰዳቸው ታቦታት አንዱ እዚህ ቁም ሣጥን ውስጥ ተገኝቶ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በፈቃዱ በ1994 ዓ.ም. ለአገሩ መለሰው። አዲስ አበባ ሲገባ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ የወጣችበትን ቀን አስታውሳለሁ፣ ልጅ ነበርኩ። ውስጥ ገብተን ተቀመጥን። ዝም ብለን ትንሽ አለቀስን። ምንም አልከፈልንም።

ስለ ገንዘቡ። ስንመለስ ለሻጩ ጻፍኩ። መልሳቸው «ውሉ ላይ አለ» ነው። እኔን ያዳነኝ በክሬዲት ካርድ መክፈሌ ነው። በ1974ቱ የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 75 መሠረት የገዛችሁት ነገር ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30,000 ከሆነ፣ ሻጩ የገባውን ቃል ካላከበረ ካርድ ሰጪውም እኩል ይጠየቃል። የማስታወቂያውን ስክሪንሾት፣ የሆቴሉን አድራሻ፣ የእሑዱን ፕሮግራም አያይዤ ላክሁ። ከ7 ሳምንት በኋላ 340 ፓውንድ መለሱልን። ሁሉም አይደለም፣ ግን መለሱ። በዴቢት ካርድ ከሆነ «ቻርጅባክ» ብላችሁ፣ ማለትም ገንዘቡን ከሻጩ አስመልሱልኝ ብላችሁ፣ ባንካችሁን ጠይቁ፤ ያ የሕግ ግዴታ ስላልሆነ ጥበቃው ደከም ይላል። ክፍያው በሌላ አገናኝ ድረ ገጽ በኩል ካለፈ አንቀጽ 75 ላይሠራ ይችላል፣ ስለዚህ ገንዘቡን የሚቀበለው ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ እዩ። በባንክ ዝውውር ክፈሉ ከተባላችሁ ግን ጭራሽ እንዳታስቡት።

እኔ እንደገና ብሄድ ለብቻችን ነው የምሄደው። ከባድ አይደለም። ቱ ቱጌዘር የሚባል የባቡር ካርድ አለ፣ የሁለት ሰው ስም የሚጻፍበት። ሁለታችሁ አብራችሁ እስከሄዳችሁ ድረስ ከትኬቱ ሲሶውን ይቀንስላችኋል፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ግን በነሱ ሰዓት ከጠዋቱ 9:30 በፊት አይሠራም። ለንደን ኤድንብራን በዚህ ብቻ ብንሄድ የካርዱን ዋጋ መልሶልን ነበር። ከኤድንብራ ስተርሊንግ በባቡር 50 ደቂቃ ያህል ነው፣ ግላስጎውም እንደዚያው። ሴንት አንድሩስ ባቡር ጣቢያ የላትም፤ ሉካርስ ወርዳችሁ በአውቶቡስ ትጨርሱታላችሁ። ሁለቱ ግንቦችና የሴንት አንድሩስ ፍርስራሽ በአንድ የመንግሥት ተቋም ሥር ናቸው። ኤክስፕሎረር ፓስ የሚባለውን ትኬት ከተቋሙ ድረ ገጽ ከገዛችሁ ሁሉንም ይሸፍናል። ሆሊሩድ የንጉሡ ስለሆነ ለብቻው ነው። ሌላ፣ ኤድንብራ ከጁላይ 24 ቀን 2026 ጀምሮ በመኝታ ዋጋ ላይ 5 በመቶ ታስከፍላለች፣ ለመጀመሪያዎቹ 5 ሌሊት ብቻ። ሻጭ «የቱሪስት ግብር» ብሎ ከዚህ በላይ ከጠየቃችሁ አስረዳኝ በሉት።

ፓኬጁን አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ማስታወቂያውን ከነዋጋው ስክሪንሾት አንሱ፣ ነገ ሊቀይሩት ይችላሉ። የሆቴሉን ስምና ትክክለኛ አድራሻ በኢሜይል ጠይቁ፣ በስልክ አይደለም። የትኛው ግንብ ውስጥ በትኬት እንደምትገቡም በጽሑፍ ይመልሱላችሁ። መልሱን ካገኛችሁ በኋላ እኔ ጋ ጻፉልኝ፤ እኔ የላክሁትን የአቤቱታ ደብዳቤ እሰጣችኋለሁ፣ ስም ብቻ ቀይራችሁ ትጠቀሙበታላችሁ።