ጦስኝ፣ ቅርንፉድ፣ ባህር ዛፍ ወይስ ዕጣን፦ የቱን ዘይት ልግዛ?

ሱቅ ስትገቡ ሁሉም ብልቃጥ ላይ «ንጹህ»፣ «ተፈጥሯዊ»፣ «በአንቲኦክሲዳንት የበለጸገ» ተጽፎ ታገኛላችሁ። ብልቃጡ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን ስለ ውስጡ የሚነግራችሁ ነገር የለም።

ኢሴንሻል ኦይል የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ተክሉ በውሃ እንፋሎት ሲመታ የሚወጣ፣ ቶሎ የሚተን የብዙ ኬሚካሎች ድብልቅ ነው። አንቲኦክሲዳንት ማለት ፍሪ ራዲካል የሚባሉትን፣ ያልተረጋጉና ሌላውን የሚጎዱ ሞለኪውሎች የሚያበርድ ነገር ነው፤ በዚህ የሚበረታው ደግሞ በአብዛኛው ፌኖል የሚባሉት ዓይነት ሞለኪውሎች በብዛት ያሉበት ዘይት ነው፤ ምክንያቱም ፌኖል ሃይድሮጅኑን አሳልፎ ሰጥቶ ፍሪ ራዲካሉን ያበርደዋል። ስለዚህ ሻጩን የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ ፌኖል አለው ወይ?

ቅርንፉድ አለው፤ ያውም በሽበሽ። ከዘይቱ ከ70 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ዩጂኖል ነው። ጥርስ ሐኪም ቤት በር ላይ የሚቀበላችሁ ሽታ የእሱ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ዲፒፒኤች በሚባለው፣ ፍሪ ራዲካል ባለበት ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ፈሳሽ ሲፈተን ቀለሙን ቶሎ ወደ ቢጫ ከሚለውጡት መካከል ነው። (የዚህ ፈተና ውጤት አይሲ50 ተብሎ ይጻፋል፣ ግማሹን ፍሪ ራዲካል ለማብረድ የሚበቃው የዘይት መጠን ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዘይቱ በርትቷል ማለት ነው። «የእኛ ቁጥር ከሁሉም ይበልጣል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ፈገግ ብላችሁ ውጡ።)

ቅርንፉድን የምወድበት ሌላም ምክንያት አለ፦ ቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል። ከውሃ የሚከብድ ዘይት ስለሆነ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጠብ አድርጋችሁ በስንጥር ነካ ስታደርጉት ይሰምጣል። እኔ አንዴ የገዛሁት እንደ ምግብ ዘይት ላዩ ላይ ተንሳፍፎ ቀረ። ሽታው ቅርንፉድ ነው፣ ውስጡ ግን በሌላ ዘይት የተበረዘ ነበር፤ መልሼ ስወስደው ሻጩ «ውሃው ነው» አለኝ!

ጦስኝም ፌኖል አለው፣ ቲሞልና ካርቫክሮል። አገራችን የራሷ ሁለት ዝርያዎች አሏት፣ ቲመስ ሽምፐሪና ቲመስ ሰሩላተስ፤ የመጀመሪያውን ባሌና ሸዋ ደጋ ላይ ታገኙታላችሁ። ችግሩ የሁለቱ ኬሚካሎች መጠን እንደተለቀመበት ቦታና ወቅት መለያየቱ ነው። ስለዚህ ጦስኝ ስትገዙ ጂሲ-ኤምኤስ የሚባለውን፣ ዘይቱ ውስጥ የትኛው ኬሚካል ምን ያህል እንዳለ የሚያሳይ የምርመራ ወረቀት ጠይቁ። ደረቅ የቅርንፉድ እምቡጥ ከክብደቱ እስከ 15 በመቶና ከዚያም በላይ ዘይት ይሰጣል፣ ጦስኝ ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው የሚሰጠው፤ በቅርንፉድ ዋጋ የሚሸጥ ጦስኝ ካያችሁ ጠርጥሩ።

ሁለቱም ቆዳ ያቃጥላሉ። አንድ ጠብታ በአንድ ሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት፣ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። የጦስኝ ሻይ እንጠጣለን ብላችሁ ዘይቱንም እንዳትጠጡት።

ባህር ዛፍ ሌላ ነገር ነው። የነጭ ባህር ዛፍ ዘይት በአብዛኛው 1፣8-ሲኒዮል ነው፣ እሱ ደግሞ ፌኖል አይደለም። አፍንጫ ለመክፈት ግዙት፣ ለአንቲኦክሲዳንት ብላችሁ ግን አትክፈሉ። ሕፃናት እጅ እንዳይገባ፤ ከተዋጠ መርዝ ነው።

ዕጣን ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በጣም የምንሸወደው እዚህ ነው። የትግራይና የመተማ ዕጣን (ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ) ዘይት ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ኦክቲል አሲቴት ነው። ከኦማንና ከሶማሌ የሚመጡት ዕጣኖች ዘይት ግን በብዛት አልፋ-ፓይኒን ነው፣ ሽታቸውም ይለያል። በፌኖል በኩል ሁለቱም ከቅርንፉድ ጋር አይወዳደሩም። ሻጮች «ቦስዌሊክ አሲድ አለው» ይላሉ፤ ቦስዌሊክ አሲድ ያለው ሙጫው ውስጥ ነው፣ ከባድ ሞለኪውል ስለሆነ ከእንፋሎቱ ጋር ወጥቶ ዘይቱ ውስጥ አይገባም። ለሽታው ከሆነ ግዙ፣ ደስ ይላል።

ጥቁር አዝሙድም ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ገበያ ላይ ያለው በብዛት የተጨመቀ ዘይት እንጂ በእንፋሎት የወጣ አይደለም፣ ከነዚህ ጋር አታወዳድሩት። ልዩነቱን ወረቀት ላይ ታዩታላችሁ፦ የተጨመቀው የቅባት እድፍ ትቶ ይቀራል፣ ንጹህ ኢሴንሻል ኦይል ግን አብዛኛው ይተናል።

የእኔ ምርጫ? አንቲኦክሲዳንት ለምትሉ ቅርንፉድ፣ የምርመራ ወረቀት ካለው ጦስኝ። ግን ዲፒፒኤች የሚፈትነው ብርጭቆ ውስጥ ነው፣ ሰውነት ውስጥ አይደለም፤ «ካንሰር ይከላከላል» የሚል ሰው ካለ ብራችሁን ኪሳችሁ አቆዩት። የምትገዙት 10 ሚሊ ሊትሩን፣ ጥቁር ወይም ቡናማ ጠርሙስ ያለውን ይሁን። ዘይቱ ራሱ አየርና ብርሃን ካገኘው ኦክሲዳይዝ ይሆናል (ይበላሻል)፣ ያረጀው ደግሞ ቆዳን ያስቆጣል፤ ትልቁን ጠርሙስ በቅናሽ ገዝቶ ሁለት ዓመት መስኮት ላይ ማስቀመጥ ቅናሽ አይደለም።