የዘኍልቍ ኮርስ በድሬዳዋ፦ ሙቀቱን ችላችሁ ግቡ

ኦሪት ዘኍልቍን ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። ገና ምዕራፍ አንድ ላይ ስም በስም፣ ቁጥር በቁጥር ይሆንብኛል። ጓደኛዬ ሳቢያን አካባቢ የስድስት ቅዳሜ ኮርስ አለ ስትለኝ "አቦ፣ ቆጠራ ደግሞ ስድስት ቅዳሜ ምን ይወራበታል?" ብያት ነበር። አሁን ጨርሼዋለሁ። ለምትጠይቁኝ ሁሉ እዚሁ ልጻፈው።

ቅሬታዬን ላስቀድም። ክፍሉ ይሞቃል። በድሬ ፀሐይ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር፣ ያለው አንድ ቬንትሌተር ነው፤ እሱም ከፊት ለተቀመጡት ብቻ ነው የሚደርሰው። 100 ብር የከፈልንበት ኮፒም ደብዝዞ የነገዶቹ ሰንጠረዥ ግማሹ አይነበብም።

ትምህርቱ ግን ሌላ ነው። መምህሩ ቁጥር አይዘልም። እስራኤላውያን ከግብፅ ወጥተው በሲና ምድረ በዳ ሲቆጠሩ፣ 20 ዓመት የሞላቸውና ከዚያ በላይ የሆኑ ለጦርነት የሚወጡ ወንዶች 603,550 ነበሩ። በጉዞው መጨረሻ በሞዓብ ሜዳ 601,730። ያው ነው ትላላችሁ፣ ሰዎቹ ግን ያው አይደሉም፤ ከመጀመሪያው ዝርዝር የቀሩት ካሌብና ኢያሱ ብቻ ናቸው። ያ ሁሉ ትውልድ በምድረ በዳ አልቆ ሕዝቡ ግን አለ። ይሄን ሲያስረዳ ክፍሉ ጸጥ አለ።

ደግሞ እኛ "ቁጠሩ" ብለን የምናነበው ዕብራይስጡ ላይ ቃል በቃል "ራስ አንሡ" ነው አለን። ትናንት ግብፅ ውስጥ ጡብ ሲያስረግጡት ለነበረ ሰው ቀና በል እንደማለት አድርጌ ነው የሰማሁት።

ለእኔ ምርጡ ሦስተኛው ቅዳሜ ነው። የእስራኤል በኩራት፣ ማለትም የበኩር ወንዶች ልጆች 22,273፣ ለእግዚአብሔር አገልግሎት በእነሱ ፋንታ የተለዩት ሌዋውያን ደግሞ 22,000። ለአንድ በኩር አንድ ሌዋዊ ሲተካ 273 ይተርፋሉ። ሌላ ሰው ቢሆን "በግምት ይበቃል" ብሎ ያልፋቸው ነበር። እዚህ ግን ስለ እያንዳንዳቸው 5 ሰቅል (የጥንት የገንዘብ መለኪያ) ቤዛ ተከፈለ፣ በድምሩ 1,365። የተረሳ የለም። አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት ይሄኔ እንባቸው መጣ። በ1998ቱ ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ የእሳቸውም ሰው ነበረበት። "ሬዲዮኑ ቁጥሩን ይናገራል፣ እኔ ስሙን እጠራለሁ" አሉ። መምህሩ ምንም አልጨመረም፤ ደግ አደረገ።

በኋላ ዘመን ንጉሥ ዳዊት ያደረገው ቆጠራ ላይ ግን መምህሩ ተቻኮለ። ሙሴ ቢቆጥር ትእዛዝ ነው፣ ዳዊት ሲያስቆጥር ግን 70,000 ሰው በቸነፈር አለቀ። ለምን? ዳዊት ሕዝቡን የራሱ ሀብት አድርጎ ቆጠረ የሚለው መልስ ያስኬዳል፣ የጦር አለቃው ኢዮአብ እንኳ ጌታዬ ይሄን ለምን ይወድዳል ብሎ ተከራክሮታል። ግን ይሄ ሁሉ በ20 ደቂቃ አያልቅም። አንድ ሙሉ ቅዳሜ ይገባው ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። በየሳምንቱ ስም ጥሪ አለ፣ ከነአባትና ከነአያት፣ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። አራተኛው ሳምንት ላይ አንድ ወጣት ስሙ ሳይጠራ ቀረ። ዘግይቶ የተመዘገበ ነው። መምህሩ በእስክርቢቶ ጻፈውና ዝርዝሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና ጠራ፣ በዚያ ሙቀት፣ ማንም አላጉረመረመም።

ቀጣዩ ዙር ከፋሲካ በኋላ ነው። ውሃ ያዙ፣ ቀደም ብላችሁ ከፊት ተቀመጡ፣ ስትመዘገቡም ስማችሁን እስከ አያት ጻፉ።