በመተማ የተከራየነው የጥጥ መስመር መዝሪያ

ባለፈው ክረምት በመተማ ቆላ በዝናብ ብቻ ለምናለማው ጥጥ በትራክተር የሚጎተት መስመር መዝሪያ ከነሾፌሩ ተከራይተን ነበር። ትልቁ ብልጫው በመስመሮች መካከል ያለውን ርቀት ከ75 እስከ 100 ሴንቲሜትር ማስተካከል ማስቻሉ ነው፤ ዝናቡ ቀድሞ በሚያቋርጥበት የዋልካ መሬት ላይ ሰፊው መስመር በመካከሉ ያለውን እርጥበት ሥሩ ዘግይቶ እስኪደርስበት ድረስ ስለሚያቆየው፣ ፍሬው በሚሞላበት ወቅት ተክሉን ይታደገዋል። እርግጥ ነው፣ ዝናብ በበዛበት ዓመት ምርት ሊቀንስ ይችላል፤ ባዶው መሬት በጊዜው ካልታረመም ያንኑ እርጥበት አረሙ ይሻማዋል። ቅር ያሰኘኝ የዘር መጣያው ነው፤ ጥጡ በሚገባ ያልተላቀቀለት ዘር እየተያያዘ ስለሚደፍነው፣ ክፍተት የታየባቸውን መስመሮች በእጅ መልሰን ለመዝራት ተገድደናል። ዘሩን አስቀድሞ አጽድቶ ለሚመጣ ገበሬ ግን ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ።