ስለ ፆታ የተዘጋጀው የቪዲዮ ኮርስ፦ ባዮሎጂው ድንቅ ነው፣ ባህሉ ላይ ግን ተቻኩሏል

ኮርሱን ትናንት ማታ ጨረስኩት። ስምንት ቪዲዮ ነው፤ ከታች የአማርኛ ጽሑፍ አለው። የሚያስተምረው ባዮሎጂና ባህል ፆታችንን እንዴት እንደሚቀርጹት ነው። እኔ ውሰዱት ባይ ነኝ። ግን ሦስተኛውን ቪዲዮ ደጋግማችሁ እዩት፣ ሰባተኛውን ደግሞ እንዳለ አትቀበሉት።

ሦስተኛው ስለ ፅንስ ነው። የስድስት ሳምንት ፅንስ ያሳያችኋል። ወንድ ይሁን ሴት በዓይን አይለይም። ሁለት ዓይነት ቱቦ አለው፤ አንደኛው ማህፀን መሆን የሚችል፣ ሌላኛው የወንድ ዘር መተላለፊያ መሆን የሚችል። ከዚያ ምስሉ ወደ አንዲት ትንሽ እብጠት ይጠጋል። ያቺው እብጠት በአንድ በኩል ቂንጥር ስትሆን፣ በሌላ በኩል የወንድ ብልት ስትሆን ጎን ለጎን ታያላችሁ። አራት ጊዜ መልሼ አየሁት። ትምህርት ቤት "ኤክስኤክስ ሴት፣ ኤክስዋይ ወንድ" ብለን ሸምድደን ያለፍነው ነገር ውስጥ ለካ ይህን ያህል ጉድ ነበር።

ማብራሪያውም ግልጽ ነው። ዋይ ክሮሞሶም ላይ ያለው ኤስአርዋይ የሚባለው ጂን (የተለየው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የዘር ፍሬ እንዲሠራ ያደርጋል፣ የዘር ፍሬው ቴስቶስትሮን ያመነጫል፣ የሰውነት ሴሎች ደግሞ ያንን ሆርሞን መቀበል አለባቸው፤ አንዱ ከተቋረጠ መንገዱ ይቀየራል። ምሳሌ ያደረጓት ስፔናዊቷን የመሰናክል ሯጭ ማሪያ ሆሴ ማርቲኔዝ ፓቲኞን ነው። በ1985 ጃፓን ኮቤ ላይ ለውድድር ሄዳ በተደረገላት ምርመራ ዋይ ክሮሞሶም ተገኘባት። ሰውነቷ ግን ለቴስቶስትሮን ምላሽ አይሰጥም። ዕድሜዋን ሁሉ ሴት ሆና ነው የኖረችው። ከዚያ በኋላ ማዕረጓንም፣ የትምህርት ድጋፏንም፣ እጮኛዋንም አጣች። እንደገና እንድትወዳደር የተፈቀደላት በ1988 ነው። እዚህ ጋ እንባዬ መጣ።

ባህሉ ላይ ሲደርሱ ይሮጣሉ። የሳሞዋ ፋአፋፊኔ፣ የህንድ ሂጅራ (ሁለቱም በአብዛኛው ሲወለዱ ወንድ የተባሉ፣ ባህላቸው ግን ከወንድም ከሴትም የተለየ ስም የሰጣቸው ሰዎች ናቸው)፣ ሥዕል እያሳዩ ማለፍ ብቻ። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 ለሦስተኛ ፆታ ዕውቅና መስጠቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፈ። ሰዎቹ ስለራሳቸው ምን ይላሉ? አንድም ድምፅ አልሰማሁም። ጊዜ የሰጡት ለዶሚኒካን ሪፐብሊክ ታሪክ ብቻ ነው። እዚያ ሲወለዱ ሴት የሚመስሉ፣ ጉርምስና ሲመጣ ግን ብልታቸው የሚያድግ ልጆች አሉ። በ1979 የወጣ ጥናት እንደሚለው፣ ሴት ተብለው ካደጉት 18 ሰዎች 17ቱ በኋላ ራሳቸውን ወንድ ብለዋል። እንግዲህ ሆርሞኑ ነው ትሉ ይሆናል። ግን የአካባቢው ሰው ለነዚህ ልጆች "ጉዌቬዶሴስ" የሚል ስም አለው፤ ነገሩን ያውቀዋል። የሚያውቅህ ሰው መሀል መለወጥና ብቻህን መለወጥ አንድ አይደለም። ይቺን ነጥብ ባይዘሏት ደስ ይለኝ ነበር።

ሰባተኛው ላይ ነው የተቆጣሁት። የካናዳዊው የዴቪድ ራይመር ታሪክ ነው። በ1965 የተወለደ መንትያ፤ በግርዛት ጊዜ ብልቱ ተቃጠለ። የሥነ ልቦና ባለሙያው ጆን መኒ ሴት አድርጋችሁ አሳድጉት ብሎ መከረ። እናቱ እንደተናገረችው ቀሚስ ስታለብሰው ሊቀደው ይታገል ነበር። እውነቱን የሰማው በ14 ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ወንድ ሆኖ ኖረ፣ በ2004 በ38 ዓመቱ ሕይወቱን አጠፋ። የኮርሱ ድምዳሜ፦ "ስለዚህ አስተዳደግ ምንም ድርሻ የለውም።" በፍጹም! በ1998 የታተመ ሌላ የካናዳ ታሪክ አለ። ተመሳሳይ አደጋ ደርሶበት ከሰባት ወሩ ጀምሮ ሴት ተብሎ ያደገ ልጅ፣ አዋቂ ሲሆን ሴት ነኝ ብሏል። ኮርሱ ይህን ለምን ተወው? በሁለት ሰው ሕይወት ሕግ አይወጣም። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው፤ ዴቪድ ዓመታት ሙሉ ሲናገር የሚሰማው ጠፋ።

ስምንተኛው አጭር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ፣ የፆታ ማንነት አለመጣጣም (አንድ ሰው የሚሰማው ፆታ ሲወለድ ከተባለው ጋር አለመግጠሙ) ከአእምሮ ሕመም ዝርዝር መውጣቱን ይናገራል። ጥሩ ነው።

ትርጉሙ መታረም አለበት። ሴክስንም ጀንደርንም "ፆታ" ብለው ስለተረጎሙት፣ አንድ ቦታ ላይ "ፆታ ፆታን አይወስንም" የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ሥነ ሕይወታዊ ፆታ፣ ሥርዓተ ፆታ፣ የፆታ ማንነት እያልን ስንለይ ኖረን የለ? አማርኛ እኮ ለዚህ ነገር ንቁ ቋንቋ ነው። "አንተ" ወይም "አንቺ" ሳንል ሕፃን ማባበል አንችልም፤ "እርስዎ" ስንል ግን ወንድ ሴት የለም።

የመጨረሻው ፈተና ላይ "የፆታ ማንነትን የሚወስነው ምንድን ነው?" የሚል ጥያቄ አለ። ምርጫው ሁለት ብቻ፦ ባዮሎጂ፣ ባህል። ሁለቱም የሚል የለም። ባዶ ትቼው አለፍኩ፣ ነጥብ ተቀነሰብኝ። ሦስተኛ ምርጫ እንዲጨምሩ ለአዘጋጆቹ ጽፌላቸዋለሁ።