ኒሞ ወይስ ኢንሳይድ አውት?

ሁለቱም የአኒሜሽን ፊልም ሠሪው የፒክሳር ሥራዎች ናቸው፤ «ፋይንዲንግ ኒሞ» በ2003፣ «ኢንሳይድ አውት» በ2015 እ.ኤ.አ. ወጡ። ኒሞ ለወላጅ ይበጃል፦ አባት ዓሣው ማርሊን አንድ የተረፈለትን ልጁን ኒሞን ከክፉ ሁሉ እጠብቃለሁ ሲል መፈናፈኛ ያሳጣዋል። አንዴ ካዩት ይገባል።

እኔን ደጋግሞ የሚስበኝ ግን ሁለተኛው ነው፤ በአንዲት ልጅ አእምሮ ውስጥ ያሉ ስሜቶች፣ ደስታና ሐዘን ጭምር፣ ገጸ ባሕርያት የሆኑበት ፊልም ነው። የልጅቷ የምናብ ጓደኛ ቢንግ ቦንግ ጋሪው ገደል ሲጣልበት፣ ደስታ ልታስቀው ትታገላለች፤ አልሆነላትም። ሐዘን አጠገቡ ቁጭ ብላ ስላጣው ነገር ታዋራዋለች፤ ያለቅሳል፣ ከዚያ ይነሳል። የከፋው ሰው ሲገጥመኝ «አይዞህ፣ ያልፋል» ለማለት እቸኩል ነበር (አሁንም ጨርሶ አልተወኝም)። ያን ትዕይንት ካየሁ ወዲህ ግን መጀመሪያ አዳምጣለሁ።

ለትንንሽ ልጆች የምታሳዩ ከሆነ፣ ኒሞ ገና ሲጀምር እናትየዋ እንደምትሞት አትርሱ። አብራችሁ ተቀመጡ።