ብራንዱ የተዘጋ ያገለገለ መኪና ልትገዙ ነው? ፖንቲያክ ቫይብ፣ ሳዮን ወይስ ሳተርን

እዚህ አሜሪካ በትንሽ ብር ደህና ትንሽ መኪና የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ኮሮላና ሲቪክ ነው፣ ዋጋቸው ግን አይቀመስም፣ 180 ሺህ ማይል የሄደው ራሱ ገና ፎቶው ከመለጠፉ ይሸጣል። ከዛ ወረድ ሲሉ ፖንቲያክ ቫይብ፣ ሳዮን ኤክስዲ፣ ሳተርን አይኦን ምናምን የሚሉ ስሞች ይመጣሉ፣ ዋጋቸው ቀለል ያለ፣ አንዳንዴም ማይላቸው ዝቅ ያለ። ሰውየው ደስ ብሎት ዘመድ ጋር ሲደውል "ኧረ ተው፣ ያ ካምፓኒ ተዘግቷል እኮ፣ መለዋወጫ ከየት ታመጣለታለህ" ይባልና ነገሩ እዛው ይቀራል።

ይሄ ምክር ለአንዳንዱ መኪና እውነት ነው፣ ለአንዳንዱ ደግሞ ጥሩ መኪና ከእጅ የሚያስወጣ ምክር ነው። እኔ ሰው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምለው አርማውን እርሱት፣ ከኮፈኑ ስር ያለውን ሞተር ማን ሰራው፣ ያ የሰራው ድርጅት ዛሬም መለዋወጫውን ይሸጣል ወይ የሚለውን አጣሩ ነው። ይሄን ካወቃችሁ ቫይብና ሳተርን ሁለቱም "የተዘጋ ብራንድ" ቢባሉም ሰማይና ምድር እንደሆኑ ይገባችኋል።

ስለ አዘጋጋቸው ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ለመለዋወጫው ጉዳይ ያስፈልጋል። ፖንቲያክ ከ1926 ጀምሮ የነበረ የጂኤም (ጄኔራል ሞተርስ) ብራንድ ነው፣ ጂኤም በ2009 ሲከስር እንደሚዘጋው አሳወቀና በ2010 ሞዴል አለቀ። ሳተርንም በዛው ጊዜ ነው የሄደው፣ ፔንስኪ የሚባለው የመኪና ሻጭ ድርጅት ሊገዛው ተቃርቦ በ2009 ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ስምምነቱ ፈረሰ። ሳዮን ግን ሌላ ነው፣ ቶዮታ ወጣቶችን ለመሳብ ብሎ በ2003 ካሊፎርኒያ ላይ የጀመረው ስም ነው፣ በ2016 ፌብሩዋሪ ራሱ ቶዮታ ይበቃል ብሎ አቆመው፣ ስለዚህ ስሙ ቀረ እንጂ ሰሪው አልተነካም፣ የሳዮን መለዋወጫም ሰርቪስም ዛሬ በየቶዮታው ዲለር አለ።

በቫይብ ልጀምር ምክንያቱም ሰው ባለማወቅ የሚያልፋት እሷን ነው። ፖንቲያክ ቫይብ ስሟ የጂኤም ይሁን እንጂ ከቶዮታ ማትሪክስ ጋር መንታ ናት፣ ከስር ያለው ኮሮላ ነው። የተሰራችው ፍሪሞንት ካሊፎርኒያ ነው፣ ጂኤምና ቶዮታ ከ1984 ጀምሮ በጋራ በያዙት ኑሚ በሚባለው ፋብሪካ (ዛሬ ቴስላ የሚሰራበት ግቢ ነው)። ከ2003 እስከ 2008 ያለው የመጀመሪያው ትውልድ ላይ ያለው 1.8 ሊትር ሞተር በዛ ዘመን ኮሮላ ላይ የነበረው ነው፣ የ2009ና የ2010ዋም 1.8 እንደዛው የኮሮላው አዲሱ ሞተር ነው፣ 132 የፈረስ ጉልበት። ሁሉም በሰንሰለት የሚሰሩ ናቸው፣ ቺንጋ ልቀይር እያሉ መጨነቅ የለም።

ይሄ ማለት ምንድነው፣ ዲናሞ፣ ፍሬን፣ የውሃ ፓምፕ፣ ሴንሰር ምናምን ሲያስፈልጋችሁ ሱቅ ገብታችሁ ፖንቲያክ ስትሉ የለም ሊሏችሁ ይችላል፣ ግን የዛኑ ዓመት ማትሪክስ በሉ፣ መደርደሪያው ሙሉ ነው። ቶዮታ ዲለር ጋርም የቫይብን ቪን ቁጥር (የመኪናውን መለያ ቁጥር) ከሰጣችሁ ሲስተማቸው አያውቀውም፣ ማትሪክስ ብላችሁ ዓመቱንና የሞተሩን መጠን ንገሯቸው። ችግሩ ያለው ሰውነቷ ላይ ነው። የፊት መብራት፣ ፓራውልት፣ ፓራፋንጎ የመሳሰለው የፖንቲያክ የራሱ ስለሆነ ከማትሪክስ አይገጥምም፣ አሮጌ መኪና የሚፈታበት ቦታ ሄዶ መፈለግ ነው። ስለዚህ ፊቷ የተመታች ቫይብ በርካሽ አገኘሁ ብላችሁ አትቸኩሉ፣ ሞተሯ የተመሰከረላት ብትሆንም መብራቷን ፍለጋ ብዙ ትዞራላችሁ።

ውስጧ ስፋቷ ያስደንቃል፣ የኋላ ወንበሯ ሙሉ በሙሉ ይተኛል፣ የፊት የተሳፋሪው ወንበርም ወደፊት ይታጠፋል፣ ረጅም እቃ፣ ቁምሳጥን ከነሳጥኑ ይገባል። ዕቃ የሚያመላልስ፣ ምግብ ዴሊቨሪ የሚሰራ፣ በየወሩ አፓርታማ የሚቀይር ተማሪ ይቺን ቢገዛ አይቆጭም። ሚኒሶታና ዴንቨር ላላችሁ ደግሞ በአራቱም ጎማ የምትጎትተው አለች፣ ከ2003 እስከ 2006ና ከ2009 እስከ 2010 ያሉት ላይ ፈልጉ፣ ግን እሷን ስትገዙ አራቱም ጎማ አንድ አይነትና እኩል ያለቀ መሆኑን እዩ፣ ከስር ዝገቱንም በደንብ እዩ፣ በረዶ ላይ የሚበተነው ጨው ሻንሲ ይበላል።

ከቫይብ የማልመክራቸው አሉ። በ2009ና 2010 ላይ ከ1.8ቱ ሌላ 2.4 ሊትር ሞተርም ነበር፣ ጉልበቱ 158 ስለሆነ ሲነዱት ደስ ይላል፣ ግን ይሄ ሞተር በዛ ዘመን ዘይት የመብላት ችግር የነበረበት ነው፣ የፒስተን ሪንጉ ነው ምክንያቱ፣ ወደታች እመለስበታለሁ። ሌላው ጂቲ የምትባለው ናት፣ 180 ጉልበት ያላት፣ በማንዋል ባለ 6 ማርሽ፣ ቤንዚኗም ውዱ ፕሪሚየም ነው። ለስፖርት ነጂ እሺ፣ ለስራ ለሚነዳ ወጪ ነው። የ2003ና 2004 ባለ 5 ማርሽ ማንዋሎቹ ላይ ደግሞ ካምቢዮ ውስጥ ኩሽኔታ የማለቅ ነገር ስለሚታወቅ ስትነዱ የሚያጓራ ድምፅ ካለ ተዉት።

አሁን ሳዮን። እዚህ ጋ ሰው የሚሳሳተው ሳዮን ሁሉ ቶዮታ ስለሆነ ሁሉም እኩል ነው ብሎ ነው፣ አይደለም። ኤክስዲ (ከ2008 እስከ 2014) ያቺው የኮሮላ 1.8 አላት፣ 128 ጉልበት፣ አውቶማቲኩ የድሮው ባለ 4 ማርሽ ነው፣ ሀይዌይ ላይ ሞተሩ ይጮሃል፣ ግን እሱ ካምቢዮ ቀላልና ጠንካራ ስለሆነ ሲቪቲ ከሚባለው ማርሽ ከሌለው አውቶማቲክ ካምቢዮ በስንት ጣዕሙ። ቤንዚን ላይ ከተማ 27 ሀይዌይ 33 ማይል በጋሎን ተብሎ ነው የተመዘገበው። ርዝመቷ አጭር ስለሆነች ፓርኪንግ ላይ የማይገኝላት ናት፣ ዲሲ መሃል የሚኖር ሰው ይሄ ይገባዋል። እንከኗ ከኋላ ዕቃ መጫኛዋ ጠባብ ነው፣ የኋላ ወንበሩ ወደፊት ወደኋላ ስለሚንሸራተት ትንሽ ያግዛል እንጂ የልጅ ጋሪና የሳምንት አስቤዛ አንድ ላይ አይገባም።

ኤክስቢ ሳጥን የመሰለችው ናት፣ ሁለት አይነት ነች። ከ2004 እስከ 2006 ያለችው ትንሿ 1.5 ሊትር ስትሆን ሞተሩ የያሪስ ቤተሰብ ነው፣ አዲስ አበባ መካኒክ ሰፈር ያለፈ ሰው ድምፁን ያውቀዋል። ይቺ በጣም ጠንካራ ናት፣ አሁን ግን እድሜዋ 20 ስላለፈ ንጹህ ማግኘት ነው ችግሩ። ከ2008 በኋላ የመጣችው ትልቋ ያንን ያልኳችሁን 2.4 ሊትር ነው የያዘችው። ቶዮታ ራሱ የ2008ና የ2009 ኤክስቢን ጨምሮ ለእነዚህ ሞተሮች የዘይት መብላት ፕሮግራም ከፍቶ ነበር፣ በ1,200 ማይል ከአንድ ኳርት (አንድ ሊትር ገደማ) በላይ ከበላ ፒስተንና ሪንግ በነጻ ይቀየር ነበር። አሁን ያ ጊዜ አልፏል፣ የተቀየረለትን ካገኛችሁ በወረቀት ይታይ፣ ካልተቀየረ ግን ዘይት በየሳምንቱ የምታዩ ሰዎች ካልሆናችሁ አትግቡበት። ዘይቱ አልቆ ሳይታወቅ ሀይዌይ ላይ ሞተሩ ይደርቃል፣ በዚህ መንገድ መኪናውን ያጣ ሰው በቅርብ አውቃለሁ። ለቤንዚንም 22ና 28 ስለሆነች በዛ መጠን ብዙ ትጠጣለች። ኤክስቢን ለስፋቷ ከወደዳችኋት የኋለኞቹን ዓመታት ፈልጉ።

ባጀታችሁ ከፍ ያለ ከሆነ የመጨረሻዎቹ ሳዮኖች፣ የ2016ቱ አይኤና አይኤም፣ ለኔ የዚህ ሁሉ ዝርዝር ትክክለኛ ትርፍ እዛ ነው። በ2017 ቶዮታ አርማውን ቀይሮ ያሪስ አይኤና ኮሮላ አይኤም ብሎ ሸጣቸው፣ መኪናው ያው ነው። አይኤዋ እንዲያውም ከስር ማዝዳ 2 ናት፣ ማዝዳ ሜክሲኮ ሳላማንካ ላይ የሰራት፣ 1.5 ሊትር፣ 106 ጉልበት፣ ከተማ 33 ሀይዌይ 42፣ አውቶማቲኩም ባለ 6 ማርሽ እውነተኛ ካምቢዮ ነው እንጂ ሲቪቲ አይደለም። አይኤም ሰፋ ያለች ባለ 5 በር ናት፣ የኮሮላ 1.8፣ አውቶማቲኳ ግን ሲቪቲ ስለሆነ ዘይቱ ተቀይሮ ያውቃል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሳዮን የሚለው ስም ሰው ስለማያውቀው ወይም ስለሚፈራው በተመሳሳይ ማይል ከ2017ቱ ረከስ ብሎ ከተገኘ ያንን ልዩነት ኪሳችሁ ውስጥ አስቀሩት።

ኡበርና ሊፍት ለመስራት የምታስቡ፣ የመኪና ዓመት ገደብ አላቸው፣ ከከተማ ከተማም ይለያያል፣ ስለዚህ ብር ከመክፈላችሁ በፊት የከተማችሁን ህግ አፑ ላይ እዩ። ቫይብና የመጀመሪያዎቹ ሳዮኖች በብዙ ቦታ አርጅተዋል፣ ከነዚህ ውስጥ ለዛ ስራ ተስፋ ያላቸው አይኤና አይኤም ናቸው።

ሳተርን ላይ ብዙ አልቆይም። አይኦን (ከ2003 እስከ 2007) ዋጋዋ በጣም ስለሚረክስ ነው ሰው የሚያያት፣ በሮቿና ፓራፋንጎዋ ፕላስቲክ ስለሆነ አይጎደጉድም፣ አይዝግም። ግን በ2014 ጂኤም የጠራው የቁልፍ ማብሪያ ሪኮል (ጉድለት ሲገኝ ሰሪው መኪናውን ጠርቶ በነጻ የሚያስተካክልበት) ውስጥ ያለች መኪና ናት። ቁልፉ ላይ ከባድ ማንጠልጠያ ካለ ወይም መንገዱ ካንገጫገጨ ማብሪያው እየነዳችሁ ራሱን ያጠፋል፣ ሞተር ይጠፋል፣ መሪ ይከብዳል፣ ኤርባግም አይፈነዳም። የጂኤም የካሳ ፈንድ በዚህ ጉድለት ምክንያት 124 ሰው እንደሞተ ተቀብሎ ከፍሏል፣ አይኦንን ብቻ ሳይሆን ሸቭሮሌ ኮባልትን ፖንቲያክ ጂ5ን ሌሎቹንም ጨምሮ። ከ2004 እስከ 2007 ባሉት ላይ የኤሌክትሪክ መሪዋም ሌላ ሪኮል ነበረበት። ሪኮሉ ያልተሰራላትን አይኦን ልጃችሁን አታስነዷት፣ በነጻ ቢሰጧችሁም። የ2003ና 2004 አንዳንዶቹ ላይ የነበረው ሲቪቲም ብዙ ሰው ያስለቀሰ ካምቢዮ ነው።

ሳተርን አስትራ (2008ና 2009) ስትነዳ ከሁሉም የምትበልጥ ልትሆን ትችላለች፣ ቤልጂየም አንትወርፕ የተሰራች ንጹህ ኦፔል ናት። ግን ጂኤም ኦፔልን በ2017 ለፈረንሳዩ ፒኤስኤ ሸጦታል፣ ስለዚህ እዚህ ሀገር እናት የላትም፣ ብዙ መለዋወጫ ከአውሮፓ ማዘዝ ነው፣ ሞተሯም በቺንጋ የሚሰራ ስለሆነ መቼ እንደተቀየረ ወረቀት ከሌለ ወጪው የናንተ ነው። "ብራንዱ ተዘግቷል፣ ተው" የሚለው ምክር እውነት የሚሆነው እዚህ ጋ ነው።

ምርጫዬን ካላችሁኝ፣ ዕቃና ቤተሰብ ላለው ባለ 1.8 ቫይብ፣ በተለይ የ2009 ወይ የ2010፣ ብቻውን ከተማ ውስጥ ለሚነዳ ኤክስዲ፣ ብር ከተገኘ ደግሞ አይኤ። አንዳንዱ ደግሞ "ትንሽ ነድቼ አዲስ አበባ እልካታለሁ" ይላል፣ ያ ሃሳብ ይቅር፣ በፈረንጆቹ 2024 መጀመሪያ ላይ መንግስት የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ማስገባት ከልክሏል።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ከመክፈል በፊት ቪን ቁጥሩን ኤንኤችቲኤስኤ (የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መስሪያ ቤት) ድረገጽ ላይ አስገቡት፣ በነጻ ነው፣ ያልተሰራ ሪኮል ካለ ይነግራችኋል። ቫይብና ከ2008 በኋላ ያለው ኤክስቢ ታካታ የሚባለው ድርጅት በሰራው ኤርባግ ሪኮል ውስጥ ስላሉ ይሄ እንደ ቀልድ የሚታለፍ ነገር አይደለም፣ ያ ኤርባግ ሲፈነዳ ብረት የሚረጭ ነው። ፖንቲያክ ቢዘጋም የቫይብን ሪኮል ማንኛውም የሸቭሮሌ ወይ የጂኤምሲ ዲለር ይሰራዋል፣ ሳዮንን ቶዮታ። ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ሳልቬጅ ወይ ሪቢልት፣ ማለትም ክፉኛ ተጎድቶ የነበረ ወይ ከዛ በኋላ የተጠገነ የሚል ካለበት ዋጋው በጣም መውረድ አለበት። ሜሪላንድ ላላችሁ ደግሞ መኪናው የሴፍቲ ኢንስፔክሽን ካላለፈ ታርጋ አታወጡም፣ ሻጩ "ያልፋል" ካለ አሳልፎ ሰርተፍኬቱን ይስጣችሁ፣ በቃል አትመኑ።

ልታዩ ስትሄዱ ጠዋት ሂዱ፣ ሞተሩ ሳይነሳ እንዲቆይ ቀድማችሁ ንገሩት። ኮፈኑን ከፍታችሁ ሞተሩን በእጃችሁ ንኩት፣ ቀዝቃዛ መሆን አለበት፣ ከዛ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥታችሁ እዩ፣ ዝቅ ካለ ወይ ጥቁር ሆኖ ከወፈረ ጠይቁ። አንዳችሁ አስነሱ፣ ሌላችሁ ከኋላ ቆማችሁ ጭሱን እዩ፣ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት እየበላ ነው። እናንተ ስትደርሱ ሞተሩ ሞቆ ከጠበቃችሁ ምክንያቱን አትጠይቁ፣ ነገ ጠዋት እመለሳለሁ በሉት፣ እምቢ ካለ ሌላ ቫይብ ፈልጉ።